ሳይጠፋ የተሞላ ምድጃ

ሰው በሐዘን ይደርቃል ሲባል ዘርትሁን ድሮ የአነጋገር ማሳመሪያ ይመስላት ነበር። እናቷ እትዬ ሸዋዬ ካረፉ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆናቸው። በለቅሶው ሰሞን የመንደሩ ሴቶች "ልጅቱ ክው ብላ ቀረች፣ አይፈረድባትም" አሉ። በአርባው "እንዴት ያለች ደረቅ ናት" አሉ። በሙት ዓመቱ ምንም አላሉም፤ የሰው ሐዘን በሌላ ሰው አፍ ላይ ከዚያ በላይ አይቆይም። እሷም ከቀወት ገጠር ወጥታ ሸዋ ሮቢት ከተማ፣ እትዬ እቴነሽ ሆቴል ተቀጠረች። አልጋ ታነጥፋለች፣ ምሳ ታቀርባለች፣ ሌላው ሲስቅ አብራ ትስቃለች። ሲያማት እንኳ የታመመው የሌላ ሰው ገላ ይመስላታል።

በ1999 ዓ.ም. ጥር ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከአዲስ አበባ የመጣች ነጭ ፒካፕ የሆቴሉ ግቢ ውስጥ ቆመች። ከጋቢናው አንዲት መነጽር ያደረገች ወጣት ወረደች። ከኋላዋ ታከለ ወረደ።

ዘርትሁን የያዘችውን የሻይ ትሪ አልጣለችም። ትሪውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፣ ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ ደረደረች፣ ከዚያ ቀና ብላ አየችው። ከስቷል። ሸሚዙ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። እሱም አያት፤ ግን ዓይኑ ብዙም አልቆየ፣ ጥፋተኛ ዳኛ ፊት እንደሚያቀረቅር አቀረቀረ። ጥፋተኛዋ እሷ ሆና ሳለ እሱ ማቀርቀሩ አንጀቷን ሊበላት ይገባ ነበር። አልበላትም።

ታከለ የሮቢት ልጅ ነው። የተዋወቁት መንገድ ዳር ባለች ቆርቆሮ ቤት በርና መስኮት ሲበይድ ነበር። አባቷ ጋሽ ታደሰ መጀመሪያ "ልጄን ለብረት ቀጥቃጭ አልሰጥም" ብለው አሻፈረኝ አሉ። በኋላ ታከለ አዲስ አበባ አንድ የምድጃ ፋብሪካ ተቀጠረ። እትዬ ሸዋዬም ልጁን ስለወደዱት ባላቸውን ቀን ከሌት ወተወቷቸውና እሺ አሰኟቸው። ታከለ በገዛ እጁ ከበየዳቸው ምድጃዎች አንዷን አምጥቶ ለእትዬ ሸዋዬ ሰጣቸው። ስሟ "ወዳጄ" ነው፤ ፋብሪካው ያወጣላት ነው። በላምባ የምትሠራ፣ ጭስ የሌላት፣ እንጨት ለቀማ ተራራ መውጣትን የምታስቀር። ሽማግሌዎቹ የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ በሚመጡበት ዕለት ግን፣ ረፋዱ ላይ፣ ከምድጃዋ የተነሳው እሳት እትዬ ሸዋዬን ያዛቸው። በዘጠነኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ አረፉ።

እሳቱ በተነሳበት ዕለት ዘርትሁን ለአባቷ "በራሷ ፈነዳች" አለቻቸው። ጋሽ ታደሰም ከቀብሩ በኋላ "ቀጥቃጩ ሚስቴን ገደለብኝ! ስሙ ደጄ እንዳይጠራ!" ብለው ማሉ። "በራሷ" የሚለው ቃል ውሸት መሆኑን ከዘርትሁን በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ እሷ እስከምታውቀው ድረስ።

ታከለ ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው ሆነ። በሁለት ዓመት ውስጥ በእትዬ እቴነሽ ሆቴል አድራሻ ሰባት ደብዳቤ ጻፈላት። አንድም የፍቅር ቃል የለባቸውም። "ዘርትሁን፣ እንደምን ሰነበትሽ። ዛሬ አርባ ሁለተኛዋን ምድጃ ፈታሁ። ብየዳዋ ደህና ነው። የእናንተዋ ላይ ምን አጠፋሁ? ሌላ አልለምንሽም፤ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። የፈነዳችው ከታች ነው ወይስ ከጎን?" ሰባተኛው የመጣው በቅርቡ ነው። "በጥር ከጥናት ሰዎች ጋር ሮቢት እመጣለሁ። ጥፋቱ የእኔ ብየዳ መሆኑን ጽፌ ፈርሜያለሁ። ውይይቱ ሲያልቅ ወረቀቱን አስረክባለሁ። ሥራዬን ቢወስዱም፣ ፍርድ ቤት ቢያቆሙኝም እቀበላለሁ" ይላል።

ሰባቱንም አንብባለች። አንዱንም አልመለሰች። ያን ጊዜ ምን ተሰማሽ ቢሏት "ምንም" ትል ነበር፤ የሚያስፈራው ደግሞ እውነቷን መሆኑ ነው።

*

ፋብሪካው የላካቸው ስለ "ወዳጄ" የተጠቃሚ አስተያየት ሊሰበስቡ ነው። ጠዋት ወንዶቹን፣ ከሰዓት ሴቶቹን ክብ አስቀምጦ፣ ምን ወደዳችሁ፣ ምን ጎዳችሁ፣ ምን ይሻሻል ብሎ መጠየቅ ነው ሥራቸው። የቡድን ውይይት ይሉታል። እትዬ እቴነሽ ግን "የምድጃ ማኅበር" ብለው ስም አውጥተውለታል።

አወያይዋ ባለመነጽሯ ቤዛዊት ናት። ጨዋ፣ ጎበዝ፣ አገር የማታውቅ። ያጠፋችው አንድ ነገር ነው፤ ከውይይቱ በፊት ቁርስ ጋበዘች። የይፋት ሰው ደግሞ ካጎረሰው እጅ ፊት ነውር አያወራም። የበላበትን ወጪት ሰባሪ ከመባል ሞቱን ይመርጣል። ስለዚህ ከስምንቱ ወንዶች ሰባቱ ጥብሱን አጣጥመው፣ እጃቸውን ታጥበው ሲያበቁ "ወዳጄ"ን ማሞገስ ጀመሩ።

"ምን ይወጣላታል!" አለ አንዱ።

"ስሟን የመሰለች ናት" አለ ሌላው። እቤቱ ማን እንደሚያበስልባት እንኳ በቅጡ የሚያውቅ አይመስልም ነበር።

ዘርትሁን ለስላሳ ይዛ ስትገባ ቤዛዊት በእጇ ወደ ኋላ እያመለከተች ነበር። "እዚያ የተቀመጠው ወንድማችን ምድጃዋን ከሠሩት አንዱ ነው። የመጣው ለመስማት ብቻ ነው፤ እንዲናገር አልተፈቀደለትም። ስለዚህ እሱን ሳታፍሩ የከፋችሁን ንገሩን" አለች።

ያን ጊዜ አንድ ሽማግሌ ከወንበራቸው ተነሡ። ጋሽ ታደሰ ናቸው። ቁርሱን አልቀመሱም። ዘርትሁን አባቷ መምጣታቸውን ያወቀችው ገና አሁን ነው፤ ጠርሙሶቹን እንደያዘች ግድግዳ ተደግፋ ቆመች።

"እኔ የማውቀውን ልናገር" አሉ። "ይቺ ምድጃ ሚስቴን በልታለች። በራሷ ነው የፈነዳች። የበየዳት ሰው እዚህ ተቀምጧል፤ ይስማ። ሌላ የምለው የለኝም።"

ይህን ሁሉ ሲሉ ታከለን አላዩትም። ጠረጴዛው ላይ ያለችውን የቴፕ መቅረጫ አፍጥጠው እያዩ ነበር የተናገሩት። ታከለ ደብተሩ ላይ አጎንብሶ፣ በዝግታ፣ አንድ መስመር ጻፈ። የጻፈው በራሱ ላይ እንደሆነ ዘርትሁን ገባት። ጠርሙሶቹን አድላ ወጣች። ወጥ ቤት ደርሳ እጇን ስታየው ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ እንዲንቀጠቀጥ ፈልጋ ነበር።

*

እኩለ ቀን ላይ አስተናጋጇ ሜሮን ወሬ ይዛ መጣች።

"ባለመነጽሯ እጮኛው ናት አሉ። ታኬ፣ ታኬ ስትለው ሰማሁ። ያንን ዳማ ብረት በያጅ ምን ብላ ወደደችው?"

ዘርትሁን ሽንኩርት መክተፏን አላቆመችም። ከሽንኩርቱ ራስ እስከ ጅራቱ ያለው ጊዜ ግን ረዘመባት።

ብዙም ሳይቆይ ቤዛዊት ራሷ እጇን ልትታጠብ ወደ ጓሮ ዘለቀች። ፎጣ ስታቀብላት ቤዛዊት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ያ ጠዋት የተናገሩት ሽማግሌ አባትሽ ናቸው አሉኝ። አዝናለሁ" አለቻት። ከዚያ ያልተጠየቀችውን ጨመረች። "ታከለ ከባለቤቴ ጋር ነው የሚሠራው። እኛ ቤት ምሳ ሲጋበዝ እንኳ ማዕዱ ላይ ቀርቦ እህል አይገባለትም። ፈርሞ የያዘው ወረቀት አለ። አባትሽ ያሉት ከተመዘገበና እሱ ያንን ከሰጠኝ፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ፋብሪካው በያጅ ይቀይራል፤ ምድጃዋ እንዳለች ትሸጣለች።"

ባለቤቴ አለች። ዘርትሁን ደስ ሊላት ይገባ ነበር። አላላትም። ግን "እንዳለች ትሸጣለች" የሚለው ቃል ጆሮዋ ላይ ቀረ።

"ለከሰዓቱ ሰባት ሴት ብቻ ነው የመጣልኝ" አለች ቤዛዊት። "አንቺም ተጠቅመሽባት ታውቂያለሽ። ስምንተኛ ሆነሽ ብትቀመጪልኝስ? ካልፈለግሽ አትናገሪም።"

"እሺ" አለች ዘርትሁን። እሺ ማለት ይቀላታል፤ እምቢ ለማለት ስሜት ይፈልጋል።

*

ሴቶቹም ምሳ በልተው ነው የገቡት። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ለቤተ ክህነት ፈተና የቀረቡ መስለው ተቀመጡ። ታከለ እንደ ጠዋቱ ኋላ፣ መስኮቱ ሥር ነው። አራት የታጠፈች ወረቀት ከደብተሩ ጫፍ ወጥታ ትታያለች።

"ላምባ ስትሞሉ እንዴት አድርጋችሁ ነው?" አለች ቤዛዊት።

"አጥፍተን" አሉ እትዬ ሙሉ፣ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት።

"አጥፍተን፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀን" አለች ቀጥላ የተቀመጠችው። ሁሉም በየተራ እንደ ዳዊት ደገሙት። ከምድጃዋ ጋር የሚሰጠው ወረቀት ላይ በቀይ የተጻፈው ቃል በቃል ይኸው ነው።

ቤዛዊት ጻፈች። መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሻሸች። "እንግዲህ ሁላችሁም በሕጉ ከሞላችሁ፣ ጠዋት የተነገረን አደጋ የአሠራር ጉድለት ነው ማለት ነው" አለች፤ እንደ ማጠቃለያ።

ታከለ ወረቀቷን ከደብተሩ ውስጥ መዘዛት።

ዘርትሁን ያን ጊዜ የተሰማትን በኋላ ብትጠየቅ ልትናገር አትችልም። ጀግንነት አይደለም። ቁጭትም አይደለም። እንዲያው አንድ ሰው ሊወድቅ የተቃረበ ዕቃ ሲያይ ሳያስብ እጁን እንደሚዘረጋ ነው አፏ የተከፈተው።

"አላጠፋሁትም" አለች።

"ምን አልሽ?"

"ላምባውን የሞላሁት እኔ ነኝ። እሳቱን አላጠፋሁትም።"

የቴፑ መሽከርከሪያ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ዘርትሁን ስለ ሌላ ቤት፣ ስለ ሌላ ልጅ የምታወራ በሚመስል ድምፅ ቀጠለች።

"የሽማግሌ ቀን ነበር። ወጡ ሳይበስል ላምባው ሊያልቅ ደረሰ። ላጠፋው ስል እማዬ ከለከለችኝ። 'ሽማግሌ መንገድ ላይ ሳለ የቤት እሳት ይጠፋል እንዴ? ትዳሬ ይጥፋ ነው የምትይው? ዝቅ አድርጊውና ሙዪው' አለችኝ። እሱ" አለችና ወደ መስኮቱ ሳትዞር በአገጯ አመለከተች፣ "እሱ ምድጃዋን ሲሰጠን 'ሳታጠፉ እንዳትሞሉ' ብሎኝ ነበር። ሦስት ጊዜ ነው የነገረኝ። አውቅ ነበር። እያወቅኩ ክሩን ዝቅ አድርጌ ከጀሪካኑ ገለበጥኩበት። ቦግ ሲል እማዬ እኔን ገፍትራ እሷ መሀል ገባች።"

ዘርትሁን ወደ ቴፑ ዞረች።

"ብየዳው ምንም አልሆነም። ከታችም አልፈነዳችም፣ ከጎንም አልፈነዳችም። በራሷ ፈነዳች ያልኩት እኔ ነኝ። ዋሽቼ ነው። አንቺም ቴፑ ላይ አስቀሪልኝ።"

ቤዛዊት መነጽሯን መልሳ አደረገች። ያን ጊዜ እትዬ ሙሉ ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ አነሡት።

"እኔስ መቼ አጥፍቼ አውቃለሁ?" አሉ፤ ድምፃቸው የቁጣ ነው፣ በማን ላይ እንደሆነ ግን አልታወቀም። "እናቴ ጎጆ ስወጣ ፍም አስይዛ ነው የሸኘችኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማታ አዳፍናለሁ፣ ጠዋት እቆሰቁሳለሁ። እሳት የጠፋበት ቤት ምን ይባላል? ሰው የጠፋበት ነው የሚባል! ታዲያ ወረቀት አጥፊ ስላለኝ ላጥፋ? ዝቅ አደርግና እሞላለሁ። ይኸው ነው።"

"እኔም" አለች ቀጥላ ያለችው።

"እኔን እንኳ ባለፈው ፋሲካ ቅንድቤን ለበለበኝ" አለች ሦስተኛዋ። "ባሌ ቅንድብሽ የት ሄደ ቢለኝ የከተማ ሴት ትላጨው የለ፣ ተላጨሁት አልኩት።"

አንዲት ሳቀች፤ ወዲያው አፏን ያዘች። ከዚያ በኋላ ግን ግድቡ እንደተከፈተ መስኖ ሆነ። ከስምንቱ ሴቶች ሰባቱ እሳቱን ሳያጠፉ ነው የሚሞሉት። ሁለቱ ክንዳቸውን ገልጠው ጠባሳ አሳዩ። ቤዛዊት ብዕሯ አልደርስ አላት፤ ታከለ ሁለት ዓመት ብየዳ ሲመረምር በቆየበት ጉዳይ የላምባ መሙያዋን ክዳን ያሰበ ሰው አልነበረም።

"እንግዲያ" አሉ እትዬ ሙሉ፣ "እኛን ከምትመክሩ ክዳኗን ምከሩ። እሳት ካለ አልከፈትም የምትል አድርጋችሁ ሥሩዋት።"

ዘርትሁን ይህን አልሰማችም። እሷ የሰማችው የወንበር መንቋቋት ነው። ታከለ ተነስቶ፣ ማንንም ሳያይ ወጣ። በሩን ቀስ ብሎ ነው የዘጋው። ቢያላትመው ይሻላት ነበር።

*

ጓሮ፣ የተሰጡት አንሶላዎች ኋላ አገኘችው። የውሃ በርሜሉ ላይ ተደግፎ ወረቀቷን በጭብጡ ጨምድዷታል።

"ከጎንም አይደለም?" አላት።

"አይደለም።"

"ከታችም?"

"አይደለም ታከለ።"

"ስልሳ ሦስት ምድጃ ነው የፈታሁት።" ሳቅ መሰለ፣ ግን ሳቅ አልነበረም። "ስልሳ ሦስት። የንስሐ አባቴ 'ልጄ ምን ሠርተህ ነው እንዲህ የምትሆን?' ቢሉኝ ሰው ገድያለሁ አልኳቸው። ቀኖና ተቀበልኩ። ለእናትሽ ሞት እኮ ነው ቀኖና የጨረስኩት! ደብዳቤዬ ደርሶሽ ነበር?"

"ደርሶኛል።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም። አንብቤዋለሁ።"

"አንብበሽ ዝም አልሽ።"

"ዝም አልኩ።"

ነፋስ መጥቶ አንሶላውን በመሀላቸው አነሳው። ሲመለስ ታከለ ዓይኗን በቀጥታ እያየ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ።

"ለምን ዘርትሁን? ጠላት ብሆንሽ እንኳ ለምን?"

"መጀመሪያ አባዬን ፈራሁ። እናቷን ያቃጠለች ልጅ ብሎ እንዳያየኝ። ከዚያ ዝምታው ለመደብኝ። ከዚያ ደግሞ…" ቃል ፈለገች። "ከዚያ ምንም አልሰማኝ አለ። ደብዳቤህን ሳነብ ፊደሉ ይገባኛል፣ ሌላው አይገባኝም። እንደምወድህ አስታውሳለሁ። የልጅነት ቤት እንደሚታወስ ነው የማስታውሰው፤ የት እንደነበር አውቃለሁ፣ ግን አልገባበትም።"

"እኔ ግን ሁሉም ተሰምቶኛል" አለ ታከለ። "የእኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ ያንቺንም ድርሻ ነው ስሸከም የኖርኩት።"

እውነቱን ነው። ቢሰድበኝ፣ ቢመታኝ ብላ አሰበች፤ እሱ ግን ድካም ብቻ ነው ፊቱ ላይ የሚታየው።

"አባትሽ ያውቃሉ?"

"አያውቅም። አሁን ሄጄ ልነግረው ነው።"

"አብሬሽ ልምጣ?"

ይህን በልማድ ነው ያለው፤ ካለ በኋላ ራሱም ደነገጠ። እሷም ገባት። "አትምጣ" አለችው፣ ስትሄድም ዓይኑ ጀርባዋ ላይ እንዲሰማት ሞከረች። ምንም አልተሰማትም።

*

ጋሽ ታደሰ ከሆቴሉ በር ፊት ለፊት፣ የኒም ዛፉ ጥላ ሥር፣ ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። የጠዋቱ ጓደኞቻቸው ሄደዋል። ዘርትሁን መሬት ላይ፣ እግራቸው ሥር ተቀመጠች። ሳታሳጥር፣ ሳታሳምር ነገረቻቸው። ዝቅ ያለውን ክር፣ ጀሪካኑን፣ የእናቷን ቃል፣ ውሸቷን።

ጋሽ ታደሰ ሲሰሙ ቆዩ። አስፋልቱ ላይ አንድ የጭነት መኪና ወደ ደብረ ሲና ዳገት እያቃሰተ አለፈ።

"አውቃለሁ" አሉ።

"ምኑን?"

"በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ እናትሽ ነገረችኝ። 'አታጥፊ ያልኳት እኔ ነኝ። ልጄ እንዳትወቀስ። ማወቅህንም አትንገራት፣ ትሰበራለች' አለችኝ። አስማለችኝ።" ዱላቸውን አገላበጡት። "ታዲያ ሰው ሞቶ ማንም ሳይወቀስ ለቅሶ አይወጣ። አንቺን ከማጣ ያንን ልጅ ልጣ አልኩ። የሰው ልጅ ነው፣ ቀጥቃጭ ነው፣ ይችለዋል አልኩ። አንቺም 'በራሷ' ስትይ እያወቅሁ አጸደቅሁልሽ።"

አባትና ልጅ አንዱን ውሸት ከሁለት ወገን ይዘው፣ አንዱ ሌላውን ያዳነ እየመሰለው፣ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ቆመው ነበር። መሀሉ ላይ የተያዘው ታከለ ነው።

"ዛሬ ጠዋት ፊቱን ላየው አቃተኝ" አሉ ጋሽ ታደሰ። "ለዚያ ድምፅ ለሚቀዳው ዕቃ ነው የተናገርኩ። በሐሰት መሰከርኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ።"

ዘርትሁን አባቷን አየቻቸው። ሽማግሌ ሆነዋል። መቼ እንደሸመገሉ አላየችም ነበር። ልትቆጣቸው አልቻለችም፣ ልታዝንላቸውም አልቻለችም።

ጋሽ ታደሰ ተነሡ። ዱላቸውን ለእሷ ሰጧት። ግቢው ጥግ ለግንብ የተከመረ ድንጋይ አለ፤ ወደዚያ ሄዱ።

*

በዚያ አገር ደም ያለበት ሰው፣ ወይም እንደ ደም የከበደ በደል የበደለ፣ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ተበዳዩ ፊት ይንበረከካል። "ይቅር ብያለሁ" እስኪባል አያወርድም። ልጅ ለአባት ተሸክሟል፤ ገዳይ ለሟች ወንድም ተሸክሟል። ሽማግሌ፣ ያውም ባለርስት፣ "ቀጥቃጭ" ብሎ ደጁን ለከለከለው ጎረምሳ ሲሸከም ግን ሮቢት አይታ አታውቅም።

ጋሽ ታደሰ ከክምሩ ትንሹን አልመረጡም። እያቃሰቱ ጫንቃቸው ላይ አወጡት፣ ግቢውን በቀኑ ፀሐይ አቋረጡ፣ ፒካፗ አጠገብ ቆሞ የነበረው ታከለ ፊት ሲደርሱ ተንበረከኩ።

"ጋሽ ታደሰ! ምን እያደረጉ ነው? አይገባም!" ታከለ ድንጋዩን ሊያነሳ ዘለለ።

"አትንካኝ!" አሉ። "አውቄ ነው የበደልኩህ። ሚስቴን እንዳልገደልክ አውቅ ነበር። አውቄ ገዳይ አልኩህ። ይቅር በለኝ ልጄ፤ ካላልክም ከዚህ አልነሳም።"

እትዬ እቴነሽ ከወጥ ቤት ሮጠው ወጡ። ሴቶቹ ከአዳራሹ ጎርፈው ወጥተው በረንዳውን ሞሉት። "ኧረ በእመቤታችን! ማረኝ እያሉህ ነው፣ ምሬያለሁ በላቸው!" አሉ እትዬ እቴነሽ።

ታከለ ቆሟል። ቀኑን ሙሉ እንዳይናገር የተከለከለው ሰው አሁን ሁሉም ይናገር ዘንድ ሲጠብቁት ቃል አጠረው። የጋሽ ታደሰ ጉልበት መራድ ጀመረ። ዘርትሁን ዱላውን እንደያዘች ከኋላቸው ቆማለች።

"ይቅር ብያለሁ" አለ በመጨረሻ። "ለእግዚአብሔር ብዬ፣ ለእትዬ ሸዋዬ ብዬ፣ ይቅር ብያለሁ።"

ድንጋዩን ከጫንቃቸው አንስቶ መሬት አስቀመጠ። ሽማግሌውን በብብታቸው ይዞ አቆማቸውና ትከሻቸውን ሳመ። እትዬ ሙሉ እልል ሊሉ ምላሳቸውን አዘጋጅተው ነበር። በረንዳው ላይ ያለ ሁሉ ዘርትሁንን ያያል፤ እንዲህ ያለ ነገር መጨረሻው የታወቀ ነውና።

ታከለ ወደ እሷ ዞረ።

"ላንቺ ግን ገና ነኝ ዘርትሁን" አለ። ድምፁ ለስላሳ ነው። "ለእሳቱ አይደለም። እሳቱ ያን ያህል ያደርሳል ብለን እትዬ ሸዋዬም አንቺም እኔም አላሰብንም። ለደብዳቤዎቹ ነው። ዛሬ ይቅር ብያለሁ ብልሽ ለሰው ዓይን እልሻለሁ። ልዋሽሽ አልፈልግም፤ ውሸት በቅቶናል።"

እልልታው እትዬ ሙሉ አፍ ውስጥ ቀረ። ቤዛዊት ከአዳራሹ በር ላይ "ታኬ፣ የክዳኑን ነገር ሳይመሽ እንጻፈው" ብላ ቀስ ብላ ጠራችው። ሊሄድ ዞረ።

ያን ጊዜ ነው ዘርትሁንን የሆነ ነገር ደረቷ ላይ የያዛት። መጀመሪያ ሕመም መሰላት። ነበርም። የእሷ ገላ፣ የእሷ ሕመም።

"ታከለ!"

ቆመ፤ አልዞረም።

"እስከምትል እጠብቃለሁ። ካልቻልክም ቂምህን ይዘህ ና። ስደበኝ፣ አኩርፈኝ፣ ብቻ ና።"

ሰው ሁሉ እየሰማት ነው፤ አላፈረችም። ታከለ ትከሻው ከፍ ብሎ ዝቅ አለ፣ የሚናገር መሰለ። ሳይናገር አዳራሹ ገባ፤ በሩን ግን አልዘጋውም። ዘርትሁን የአባቷን ዱላ በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ክፍቱን በር እያየች ቆመች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እንዳታጣው ፈራች።